ሐራጅ በኤሌክትሮኒክ ገበያ፦ የአባላት ጨረታ ከመከፈቱ በፊት መመለስ ያለባቸው አራት ጥያቄዎች

የሸቀጥ ግብይት ከገበያ ሜዳና ከአዳራሽ ወጥቶ ወደ ኮምፒዩተር መረብ መግባቱ በኢትዮጵያም ሥር እየያዘ መጥቷል። በአባልነት ተመዝግበው በአንድ የኤሌክትሮኒክ መድረክ የሚገበያዩ አምራቾች፣ ነጋዴዎችና ላኪዎች ከተለመደው የዋጋ ስምምነት በተጨማሪ በሐራጅ እንዲሸጡና እንዲገዙ ማድረግ ደግሞ ከዚህ የሚከተል እርምጃ ነው።

እርምጃው ሲታይ ቀላል ይመስላል። በመድረኩ ላይ አንድ ተጨማሪ ገጽ ከፍቶ፣ ከፍተኛውን ዋጋ ለሰጠው አባል ዕቃውን ማስረከብ ብቻ የሚጠይቅ ሊመስልም ይችላል። ይሁንና የአገሪቱም ሆነ የሌላው ዓለም ልምድ እንደሚያሳየው የሐራጅ ውጤት በአብዛኛው የሚወሰነው ጨረታው ከመጀመሩ በፊት በሚወጡት ደንቦች ነው። ማን ይሳተፋል? የሚሸጠው በትክክል ምንድን ነው? መቼ ይዘጋል? አሸናፊው ካልከፈለ ወይም ሻጩ ካላስረከበ ምን ይደረጋል? እነዚህን አራት ጥያቄዎች አስቀድሞ ያልመለሰ መድረክ፣ መሣሪያው የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ ሻጩን ከጉዳት ገዢውንም ከጥርጣሬ አያድንም።

የአራዳ ገበያ ትምህርት

ሐራጅ የሚለው ቃል ከዐረብኛ ወደ አማርኛ የገባ ሲሆን፣ ዕቃን በይፋ ዋጋ እያስጠሩ አብልጦ ለሰጠ መሸጥ ማለት ነው። ጨረታ የሚለው ቃል ግን ከዚህ ሰፋ ያለ ትርጉም ይዟል፤ ተጫራቾች እርስ በርስ ሳይተያዩ በታሸገ ፖስታ የሚያቀርቡትን ዋጋም ይጨምራል። ሁለቱ ስልቶች በውጤታቸው ስለሚለያዩ፣ ሐራጅ ለመጀመር የሚያስብ ማንኛውም ተቋም በቅድሚያ የትኛውን እንደመረጠ መለየት ይኖርበታል።

አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ የከተማዋ ዋነኛ ገበያ የሚቆመው በአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች ባለው ሜዳ ነበር። በተለይ ቅዳሜ ቅዳሜ ከየአቅጣጫው የመጣ እህል፣ ቡና፣ ቅቤ፣ ማር፣ የጭነት ከብትና የውጭ አገር ጨርቅ በዚያ ይቀርብ እንደነበር ይታወቃል። መገበያያውም ማርትሬዛ ብርና አሞሌ ጨው ነበር። የአገሪቱ የመጀመሪያ ባንክ የሆነው የአቢሲኒያ ባንክ ሥራ የጀመረው በ1898 ዓ.ም. በመሆኑ፣ በዚያ ዘመን አብዛኛው ነጋዴ የሚተማመነው በባንክ ሰነድ ሳይሆን በሰው ነበር። ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ደላላው ሁለቱንም ያውቃል፤ ዋስ ይጠራል። በንግድ የተነሣ ጠብ ሲኖርም የነጋዴዎች አለቃ፣ የቀረጥ ሹምና የንግድ ዳኛ የሆነው ነጋድራስ ይፈርዳል።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ትልቁ ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ የዛሬው መርካቶ ሲመሠረት፣ አሮጌው አራዳ ፒያሳ የሚለውን ስም ይዞ የሱቆች፣ የወርቅ ቤቶችና የቡና ቤቶች መንደር ሆኖ ቀጠለ። የገበያው ቦታ ቢቀየርም የገበያው መሠረታዊ ፍላጎት ግን አልተቀየረም። የኤሌክትሮኒክ መድረክ ፊት ለፊት መተያየትን፣ ዕቃን በእጅ ዳስሶ ማረጋገጥን፣ ዋስንና በቦታው የሚገኘውን ዳኛ በአንድ ጊዜ ያስቀራል። ስለሆነም ደንቡ የእያንዳንዳቸውን ተተኪ ማዘጋጀት አለበት። ምዝገባው የመተዋወቅን፣ የጥራት ምርመራው የመዳሰስን፣ ማስያዣው የዋስን፣ የቅሬታ ሰሚ አካሉም የነጋድራሱን ቦታ ይተካል ማለት ነው።

የአባላት ገበያ በምርት ገበያው

በኢትዮጵያ በአባልነት ላይ የተመሠረተ ዘመናዊ ግብይት ዋነኛ ማሳያ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው። ተቋሙ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተመሥርቶ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ጀምሯል። ተቆጣጣሪ ባለሥልጣኑም በአዋጅ ቁጥር 551/1999 ተቋቁሟል። ቡና በ2001 ዓ.ም. ወደ ምርት ገበያው ከመግባቱ በፊት ይሸጥ የነበረው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በሚካሄዱ የቡና ጨረታዎች ነበር።

በምርት ገበያው የግብይት መብት ያላቸው አባላት ናቸው። አባል ያልሆነ አምራች ወይም ነጋዴ መሸጥና መግዛት የሚችለው በአባል አማካይነት ነው። ምርቱ ወደ መጋዘን ገብቶ ይመዘናል፤ ናሙናው ይመረመራል፤ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ባለቤቱም የመጋዘን ደረሰኝ ይቀበላል። ወደ ግብይት የሚቀርበው ይኸው ደረሰኝ እንጂ ጆንያው አይደለም። ገዢውም ወደ ግብይት ከመግባቱ በፊት በቂ ገንዘብ በክፍያ ሒሳቡ ውስጥ መኖሩ ይረጋገጣል። ክፍያው በማግስቱ ለሻጩ እንዲደርስ መደረጉ ለአርሶ አደሩና ለአቅራቢው ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ቀድሞ በዱቤ ሸጦ ገንዘቡን ለማግኘት ወራት መጠበቅ፣ አልፎ አልፎም ጨርሶ ማጣት የተለመደ ነበርና።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገዢና ሻጭ በአዳራሽ ውስጥ ዋጋ እየተጣሩና ሲስማሙም እጅ ለእጅ እየተማቱ ይገበያዩ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ግብይት ተጀምሮ ትእዛዞች በኮምፒዩተር መገናኘት ጀመሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ መለየት ያስፈልጋል። በምርት ገበያው የሚካሄደው መደበኛ ግብይት ብዙ ሻጮችና ብዙ ገዢዎች በአንድ ጊዜ ዋጋ የሚያቀርቡበት ነው። ሐራጅ ግን አንድ ሻጭ፣ አንድ ዕቃና ብዙ ገዢዎች የሚገናኙበት ስልት ነው። የመጀመሪያው ስልት እርስ በርሱ ለሚመሳሰልና በደረጃ ለተመደበ ምርት ይስማማል፤ የአንድ ደረጃ ሰሊጥ ከሁመራም ይምጣ ከመተማ በደረጃው ሊገበያይ ይችላል። ሁለተኛው ግን ተመሳሳይ ለሌለው ዕቃ የተሻለ ነው። የትኛው ዕቃ በየትኛው ስልት ይሸጥ የሚለው ውሳኔ የአምራቹን ገቢ በእጅጉ ሊለውጥ እንደሚችል የቡናው ታሪክ ያስረዳል።

ልዩ ጣዕም ቡና ለምን ሐራጅ ጠየቀ?

በደረጃና በአካባቢ ተመድቦ የሚሸጥ ቡና ከሌሎች ቡናዎች ጋር ስለሚቀላቀል፣ የየትኛው አርሶ አደር ወይም የየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደሆነ መለየት አስቸጋሪ ይሆናል። ይህ አሠራር ለብዙኃኑ ምርት ግልጽ ዋጋና አስተማማኝ ክፍያ አስገኝቷል። በአንጻሩ ግን የቡናውን ምንጭ በስም ለማወቅና ለዚያም ተጨማሪ ዋጋ ለመክፈል የሚፈልጉ የውጭ ገዢዎች ቅሬታ ሲያሰሙ ቆይተዋል። ምርት ገበያው በ2002 ዓ.ም. ለልዩ ጣዕም ቡና ቀጥተኛ ግብይት በመክፈት አምራቾችንና የውጭ ገዢዎችን በሐራጅ መሰል ስልት ለማገናኘት ሞክሮ ነበር። ሙከራው ብዙ ባይዘልቅም የችግሩን ምንነት አመላክቷል። በኋላም የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 የቡናን ምንጭ ተከታትሎ ለማወቅ የሚያስችል አሠራር እንዲሰፋ በር ከፍቷል።

ሐራጅ ለተለየ ዕቃ ያለው አቅም ጎልቶ የታየው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተሰኘው ዓለም አቀፍ የቡና ጥራት ውድድር በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ተካሄደ። 1 ሺህ 459 ናሙናዎች ቀርበው በተደጋጋሚ ቅምሻ ከተጣሩ በኋላ፣ አሸናፊ የሆኑት ጥቂት ቡናዎች በተመዘገቡ የዓለም አቀፍ ገዢዎች መካከል በኢንተርኔት በተካሄደ ሐራጅ ተሸጡ። በአንደኝነት የወጣው የሲዳማ አርሶ አደር ቡና አንዱ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላው፣ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም አወጣ። በዚያው ወቅት በዓለም ገበያ የአረቢካ ቡና መነሻ ዋጋ በፓውንድ አንድ ዶላር ገደማ ነበር።

ይህ ልዩነት የመጣው ኢንተርኔት በመኖሩ ብቻ አይደለም። ቡናው በገለልተኛ ቀማሾች ተመርምሮ ነጥብ ተሰጥቶታል፤ ገዢዎች ናሙናውን አስቀድመው ቀምሰዋል፤ ተጫራቾቹም የተመዘገቡና የሚታወቁ ናቸው። ኢንተርኔቱ ያደረገው እነዚህን ተጫራቾች ከየአህጉሩ በአንድ ሰዓት ማገናኘት ነው።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። የኢትዮጵያ አበባ አምራቾች ምርታቸውን ከሚሸጡባቸው መንገዶች አንዱ የሆነው የኔዘርላንድ የአበባ ሐራጅ ባለቤቱ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። በዚያ ዋጋው ከላይ ጀምሮ በሰዓት መልክ እየወረደ ይሄዳል፤ ቀድሞ ያስቆመው ገዢ ያሸንፋል። አበባ ቶሎ የሚጠወልግ በመሆኑ ፍጥነት ያለው ስልት ተመርጦለታል። በሞምባሳ የሚካሄደው የምሥራቅ አፍሪካ ሻይ ጨረታም የአምራቾች፣ የደላሎችና የገዢዎች የጋራ ማኅበር የሚመራው ሲሆን፣ በ2020 እ.ኤ.አ. በኮቪድ 19 ወረርሽኝ ምክንያት ከአዳራሽ ወደ ኤሌክትሮኒክ ስልት ተሸጋግሯል። ሽግግሩ የተቻለው የአባልነት፣ የናሙናና የክፍያ ደንቦቹ ለአሥርት ዓመታት ሲሠራባቸው የቆዩ በመሆናቸው ነው።

አራቱ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ ማን ይሳተፋል የሚለው ነው። ሐራጅ ለአባላት ብቻ ሲሆን የተሳታፊው ማንነት አስቀድሞ የተረጋገጠ ስለሚሆን፣ በሐሰተኛ ስም ዋጋ የማስወጣት አደጋ ይቀንሳል። ሆኖም የአባላቱ ቁጥር ጥቂት ከሆነ ውድድሩ ይላላል፤ የመመሳጠር ዕድሉም ይሰፋል። በመሆኑም የአባልነት መስፈርቱ ማንነትንና የመክፈል አቅምን የሚያረጋግጥ እንጂ አዲስ ገቢዎችን የሚከለክል መሆን የለበትም። አንድ ሰው ወይም አንድ ድርጅት በሁለት ስም እንዳይጫረት የሚያግድ፣ ሻጩም በሌላ ሰው በኩል የገዛ ዕቃውን ዋጋ እንዳያስወጣ የሚከለክል ድንጋጌ አብሮ መኖር አለበት። የፋይዳ መታወቂያ ሥርዓት መስፋፋቱ ይህን ማጣራት ቀድሞ ከነበረው የቀለለ አድርጎታል።

ሁለተኛው የሚሸጠው ምንድን ነው የሚለው ነው። በሥፍራው የሌለ ገዢ የሚተማመነው በጽሑፍ መግለጫና በፎቶግራፍ ነው። መግለጫው ጎዶሎ ከሆነ ጥንቃቄ የሚያበዛ ተጫራች ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል፤ የዕቃውን ጉድለት በውስጥ አዋቂ የሰማው ደግሞ ብልጫ ያገኛል። ለሁሉም እኩል የሆነ መግለጫ ማውጣትና ዕቃው የሚታይበትን ቀንና ቦታ ማስታወቅ የሻጩን ገቢ የሚጨምር እንጂ ሥራ የሚያበዛ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ሦስተኛው መቼ ይዘጋል የሚለው ነው። ከአዳራሽ ሐራጅ ይልቅ በኤሌክትሮኒክ ሐራጅ ላይ ክርክር የሚያስነሣው ይህ ነጥብ ነው። በአዳራሽ አጫራቹ ዋጋ የሚጨምር እስኪጠፋ ድረስ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ይዘጋል። በኮምፒዩተር ግን የመዝጊያ ሰዓቱ የተቆረጠ ከሆነ ብዙዎች የመጨረሻዋን ሰከንድ ጠብቀው ዋጋ ያስገባሉ። ሁለት የምጣኔ ሀብት ምሁራን፣ አልቪን ሮትና አክሰል ኦክንፌልስ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ አሳይተዋል። በተቆረጠ ሰዓት ይዘጋ በነበረው የኢቤይ ሐራጅ የመጨረሻ ደቂቃ ሽሚያ በዝቶ ሲገኝ፣ አዲስ ዋጋ ሲገባ ሰዓቱን ያራዝም በነበረው የአማዞን ሐራጅ ግን በእጅጉ ያነሰ ነበር። በካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ሐራጅም አዲስ ዋጋ በገባ ቁጥር መዝጊያው ይራዘማል። የኢንተርኔት መስመርና የኤሌክትሪክ ኃይል በሚቆራረጥበት አካባቢ ላሉ አባላት ማራዘም ይበልጥ ፍትሐዊ ነው። ከዚህም በተጨማሪ ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወይም በውጭው እንደሆነ በማስታወቂያው ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። «ከቀኑ 6 ሰዓት» የሚለውን የአባሉ ስልክ 12 ሰዓት ብሎ ሲያሳየው የሚፈጠረው መደናገር አንድን ተጫራች ከውድድር ሊያስወጣ ይችላል።

አራተኛው የክፍያና የርክክብ ጥያቄ ነው። ያሸነፈ ተጫራች ሐሳቡን ቢቀይር ሻጩ ጊዜውን ያጣል፤ የተቀሩት ተጫራቾችም ተበትነዋል። የመሥሪያ ቤቶች ጨረታ የጨረታ ማስከበሪያ በሲፒኦ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። በኤሌክትሮኒክ ሐራጅም አባሉ ዋጋ ከማስገባቱ በፊት ማስያዣው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የክፍያ መንገድ ገቢ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ማስያዣው እጅግ ዝቅተኛ ከሆነ ቀልደኛውን አያስቀርም፤ እጅግ ከፍተኛ ከሆነም አነስተኛውን ነጋዴ ያርቃል። ያላሸነፉት ገንዘብ በስንት ቀን እንደሚመለስ በደንቡ መጻፉም ተሳታፊው በሚቀጥለው ጊዜ ተመልሶ እንዲመጣ ያደርጋል።

የመመሳጠር አደጋ በቁጥር ሲታይ

በሐራጅ ላይ የሚደርሰው ትልቁ ጉዳት ብዙ ጊዜ በዓይን አይታይም። ለምሳሌ ያህል አንድ ያገለገለ ተሽከርካሪ ለሐራጅ ቀረበ እንበል። ሦስት ተጫራቾች አሉ፤ አንደኛው እስከ 700 ሺህ፣ ሁለተኛው እስከ 650 ሺህ፣ ሦስተኛው እስከ 500 ሺህ ብር ለመክፈል ዝግጁ ናቸው። ውድድሩ ትክክለኛ ከሆነ ሁለተኛው ተጫራች 650 ሺህ ላይ ሲያቆም አንደኛው ጥቂት ጨምሮ ይወስዳል። አንደኛውና ሁለተኛው ተመሳጥረው አንዳቸው ዝም ቢሉ ግን ሐራጁ ከ500 ሺህ ብር እምብዛም ሳይርቅ ይዘጋል። ሻጩ 150 ሺህ ብር አጥቷል፤ ነገር ግን ሰነዶቹ ሁሉ የተሟሉ፣ ቃለ ጉባኤውም የተፈረመ ይሆናል። ንብረቱ የመንግሥት ከሆነ ያጣው ሕዝብ ነው፤ በፍርድ አፈጻጸም የተሸጠ የግለሰብ ቤት ከሆነም ባለዕዳው ቤቱን አጥቶ ዕዳው ላያልቅለት ይችላል።

ይህን አደጋ ለመከላከል በቅድሚያ የሚጠቀሰው የመነሻ ዋጋ በገለልተኛ ባለሙያ መገመቱ ነው። ሐራጁ በሚካሄድበት ጊዜ የተጫራቾችን ስም ሰውሮ ዋጋውን ብቻ ማሳየትም ተመሳጣሪዎች አንዱ ሌላውን እንዳይቆጣጠሩ ያደርጋል። የተጠረጠረ መመሳጠር ባለበት ደግሞ የታሸገ ዋጋ ስልት የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ከስምምነቱ ያፈነገጠው ተጫራች ፖስታው እስኪከፈት ድረስ አይታወቅምና። የኤሌክትሮኒክ መድረክ እያንዳንዱን ዋጋ ከነሰዓቱ መዝግቦ ማስቀመጡ ከአዳራሽ ሐራጅ የሚበልጥበት ዋና ነጥብ ነው፤ ይሁንና መዝገቡን በየጊዜው የሚመረምር ኦዲተር ከሌለ ጥቅሙ ዋጋ ያጣል።

የሕግ መሠረቱ

በኢትዮጵያ ሐራጅ አዲስ የሕግ ጽንሰ ሐሳብ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሐራጅ ስለሚደረግ ሽያጭ ድንጋጌዎች አሉት። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም በፍርድ አፈጻጸም ንብረት በሐራጅ የሚሸጥበትን ሥርዓት ዘርዝሯል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በጨረታ መመሳጠርን የሚከለክል ሲሆን፣ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኮምፒዩተር ለሚደረግ ስምምነት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥተዋል። የአባላትን መረጃ የሚሰበስብ መድረክም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ማክበር ይጠበቅበታል። የመንግሥት ንብረትን በሚመለከት ደግሞ የፌደራል መንግሥት ግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ሥራ ላይ ውሏል።

ስለሆነም የሚጎድለው በአብዛኛው አዋጅ ሳይሆን፣ እነዚህን አዋጆች ወደ ዕለት ተዕለት አሠራር የሚያወርድ የውስጥ ደንብና ደንቡን የሚያውቅ ባለሙያ ነው።

ከማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ መድረክ

ዛሬም ቢሆን በአራዳና በአካባቢው ያሉ በርካታ መሥሪያ ቤቶች ያገለገለ ተሽከርካሪ፣ የቢሮ ዕቃና ልዩ ልዩ ቁሳቁስ በጨረታ ያስወግዳሉ። የጨረታ ማስታወቂያን ከአዲስ ዘመን ጋዜጣ ገጾች መፈለግም ለነጋዴው የቆየ ልማድ ነው። ጋዜጣውን ያላየ፣ ሰነዱን ለመግዛት ከክልል መምጣት ያልቻለ፣ ፖስታው ሲከፈት በአካል መገኘት ያልተመቸው ተጫራች ግን ከውድድሩ ውጭ ይሆናል። የኤሌክትሮኒክ ሐራጅ ትልቁ ጥቅም ይህን ርቀት ማጥፋቱ ነው፤ በፒያሳ የሚሸጥን ዕቃ የጎንደርና የጅማ ነጋዴ እኩል ሊወዳደርበት ይችላል። የተጫራቾች ቁጥር በጨመረ መጠን ደግሞ ዋጋው ወደ ትክክለኛው ይጠጋል፤ መመሳጠርም ይከብዳል።

ይህን ጥቅም ለማግኘት የሚያስብ ተቋም በትልቅ ንብረት ከመጀመር ይልቅ ዝቅተኛ ዋጋ ባላቸው ዕቃዎች ሙከራ ቢያደርግ፣ ኢንተርኔት ለሌላቸው አባላት በአቅራቢያ ማዕከላት የሚጫረቱበትን መንገድ ቢያመቻች፣ መስመር ሲቋረጥ ሐራጁ እንዴት እንደሚቀጥል አስቀድሞ ቢያስታውቅ ስሕተቱን በአነስተኛ ኪሳራ ማረም ይችላል። ከሁሉም በላይ የእያንዳንዱ ሐራጅ መነሻ ዋጋ፣ የተጫራቾች ብዛትና የመጨረሻ ዋጋ ለሕዝብ ይፋ መሆን አለበት። ውጤቱ በተከታታይ ይፋ ሲሆን አነስተኛ ተሳትፎ ያላቸውንና ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዎች አሸናፊነት የሚዘጉትን ሐራጆች ለይቶ ማውጣት ለኦዲተርም ሆነ ለጋዜጠኛ ቀላል ይሆናል።

ደንቡ አስቀድሞ የተጻፈለትና ተቆጣጣሪ ያለው የአባላት ሐራጅ አርሶ አደሩን ከተገቢ ዋጋ፣ መንግሥትንም ከተገቢ ገቢ ጋር ያገናኛል። ይህ ሳይሟላ የሚከፈት ግን በታሸገ ፖስታ ይፈጸም የነበረን ጉድለት በፍጥነት ከመፈጸም ያለፈ ለውጥ አያመጣም።